ንግሥቲቱ ንጉሡን ምን ትበለው?

እናቴ የዓይኗን ሞራ ባስወጣችበት ሰሞን ሥራዬ ሁሉ ማንበብ ሆነ። ከምንኖርበት ከተማ ከካሮልተን ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነበር፤ ስለ አንዲት የጥንት የኮሪያ ንግሥት እና የንግሥቲቱን ቀሚስ ሙዚየም ውስጥ ስለምትጠግን የዘመናችን ሴት። አንዱ ምዕራፍ የንግሥቲቱ ነው፣ ቀጣዩ የልብስ ጠጋኟ። እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስላታለሁ። የኔ አማርኛ ደግሞ ምን አማርኛ ነው! ስምንት ዓመቴ ላይ አሜሪካ ስንገባ እዚያው ቆሞ የቀረ ነው።

«ያቺን ጠጋኟን ዝለያት» ትለኛለች እናቴ። «እሷ ደመወዝ አላት፣ ምን ትሆናለች! ንግሥቲቱን አንብቢልኝ።»

መጀመሪያ የተጣላነው በ«አንተ» ነው። እንግሊዝኛው ሁሉንም ሰው «ዩ» ነው የሚለው፤ ሶ፣ ንግሥቲቱ ንጉሡን «አንተ» እንድትለው አደረግኋት። አቤት የእናቴ ቁጣ! «ንጉሥ እኮ ነው! ባሏ ቢሆንስ? እርስዎ በይ እንጂ!» እሷም ራሷ አባቴን እርስዎ ነበር የምትለው። በዕድሜ በብዙ ይበልጣታል፣ ደግሞም የቸርቻችን ሽማግሌ ነው። «ይብሉ፣ ይረፉ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» ነው ቋንቋዋ።

የወንድሜም ነገር «እርስዎ ያሉት ይሁን» ተብሎ ነው የቀረው። ወንድሜ ቸርች መሄድ አቆምኩ ባለ ማግስት አባቴ ልብሱን በላስቲክ ከትቶ በር ላይ አስቀመጠለት። ልጁ ሌዊስቪል መጋዘን ውስጥ ሥራ ይዞ እዚያው አፓርትመንት ተከራየ። ሌዊስቪል ማለት እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ አባቴ በታክሲው ከኤርፖርት መንገደኛ ጭኖ ስንት ጊዜ በደጁ አልፏል። ዓመት ሙሉ ስሙ ቤታችን ውስጥ አልተጠራም። እናቴ ስታለቅስ እንኳ የቧንቧውን ውኃ ለቅቃ ነበር፣ እንዳይሰማባት። አባቴን ጠልቼው ነበር። ዝም ስላለች እሷንም ጭምር።

ልቦለዱ ውስጥ ንጉሡ በንዴት ልጁን ወደ ሩቅ ደሴት ያባርረዋል። እናትየው አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። ከዓመታት በኋላ ልጇ መታመሙን ስትሰማ ወደ ዙፋኑ ቀረበች። «ጌታዬ፣ እባክዎ» ብዬ ስጀምር እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«አንተ ትበለው» አለች።

«እማዬ፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ እርስዎ በይ ያልሽኝ?»

«ልጇ እየሞተባት ምን እርስዎ አለ! አንተ ትበለው አልኩሽ!»

አባቴ ከሥራ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ኖሯል። እኔ አላየሁትም፤ እናቴ ግን ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖም ኮቴውን ታውቀዋለች። ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ» አለችው። «ልጄን አምጣልኝ።»

ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ አባቴ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ተመልሶ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ብቻውን መጣ። «በሩን ከፈተልኝ» አለ። «‹ኦኬ ነኝ አባባ፣ ማለቴ አልተቀየምኩም፣ ግን አልመጣም› አለኝ።»

«ለመንኸው?» አለች እናቴ።

«ለመንኩት።»

«ምን ብለህ?»

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ተነሥና ወደ ቤት ግባ አልኩት» አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ጨርሺልኝ» አለች። የቀረው ጥቂት ገጽ ነበር። ንጉሡ ምሕረት ላከ፣ መልእክተኛው ደሴቱ ሲደርስ ግን ልጁ ሞቷል።

«እሷስ?»

«እሷ ኖረች፣ እማዬ። አርጅታ ነው የሞተችው።»

«ምን ሊረባት ኖረች!» አለች እናቴ።

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። «ወዴት ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ልለምነው» አለኝ። ሌዊስቪል ሄዶ በሩን ቢያንኳኳ፣ ወንድሜ በዚህኛው ጊዜ እቤት ሆኖ አልከፈተለትም።