ጋሼ ንስርና ሁለቱ ቀለሞች

ባልደረቦቹ «ጋሼ ንስር» ይሉታል፤ ከዓይኑ ስህተት አያመልጥም ብለው። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ሥራቸው ሆስፒታሎች የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አንዱን ፋይል ሁለት ሰው ለየብቻው ካረመው፣ ሁለቱን ቅጂዎች አስተያይቶ አንድ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነበር።

ባለፈው ወር ከአንድ ሆስፒታል ተደወለ። ለሕፃናት የሚሰጠውን መጠን የሚገድበው መስመር ከፕሮግራሙ ጠፍቷል። ደግነቱ ነርሷ ቁጥሩ አላምር ብሏት መርፌውን ሳትወጋ ቀረች። አለቃቸው፣ ከእሱ በአሥር ዓመት የምታንስ ሴት፣ ጥፋቱን ቅጂዎቹን በሚያስተያይበት አሮጌ የማወዳደሪያ መሣሪያ አሳበበችና አዲስ እንዲመርጥ ሦስት ናሙና ሰጠችው።

እሱ ግን እውነቱን ያውቃል። መሣሪያው የተሰረዘውን መስመር በቀይ፣ የተጨመረውን በአረንጓዴ ያሳያል፤ ለእሱ ሁለቱም የደረቀ ጭቃ ናቸው። የትራፊክ መብራት እንኳ የሚለየው በላይና በታችነቱ ነው። ይህን የምታውቀው ካልሲውን የምታጣምርለት ሚስቱ ብቻ ናት።

በማግስቱ ሰው ሳይገባ በማለዳ ቢሮ ደረሰ። ቀድሞ ሌሎች በትክክል ያዋሃዱትን ፋይል በመጀመሪያው ናሙና እንደገና አዋሃደው። ሦስት መስመር ሳተ። በሁለተኛው አራት። ሦስተኛው መልኩ አያምርም፤ ግን ከየመስመሩ ፊት የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያስቀምጣል፣ ቅጂዎቹ በተለያዩበት ሁሉ የትኛው እንደሚቀር ካልተወሰነም ሥራውን አይዘጋም። በእሱ አንድም አልሳተም። ይቺን ከመረጥኩ ማንም ሳያውቅብኝ እተርፋለሁ ብሎ ተነፈሰ። ወዲያው ግን ባለፉት ዓመታት በእጁ ያለፉት ፋይሎች ትዝ አሉት።

ለምሳ ቤት ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። ከሥራ ሊያባርሩኝ፣ ሊከሱኝም ይችላሉ አላት። አይሆንም ብላ አላጽናናችውም።

«ለካልሲው ደብቄልሃለሁ» አለችው። «ይሄ ግን የሰው ልጅ መድኃኒት ነው። ሂድና ንገራት።»

ከሰዓት ሦስተኛውን መምረጡን ሲነግራት አለቃው፣ የቢሮው ወጣቶች ሁሉ የመጀመሪያውን ወደውት ሳለ ያንን አስቀያሚ ለምን እንደመረጠ ጠየቀችው።

«ቀይና አረንጓዴ አልለይም» አላት። «ያቺን መስመር የጣልኳት እኔ ነኝ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ስንት ፋይል ነው በእጅዎ ያለፈው?»

«እንጃ።»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ባልደረቦቹ የሱን ፋይሎች በሦስተኛው መሣሪያ አንድ በአንድ መረመሩ። እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ዝርዝሩን ያወጣላቸዋል፤ አንዱ ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ቀና ይላል። በስድስተኛው ቀን ሌላ የጎደለ መስመር ተገኘ፤ ኩላሊቱን ለሚያመው ሰው መጠን የሚቀንሰው። ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖታል። ፕሮግራሙ በዚያው ቀን ታረመ፤ ሆስፒታሎቹም ሁሉ መዝገባቸውን እንዲያዩ ተነገራቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአንዱ መልስ መጣ፦ አንድ የኩላሊት በሽተኛ ከልኩ በላይ ወስዶ፣ ፊቱ አብጦ ታሞ ነበር፤ ድኖ ወደ ቤቱ ገብቷል። ጋሼ ንስር የሰውየውን ስም ጠየቀ። አይነገርም አሉት።

ከሥራው አልተባረረም፤ ፋይል ማዋሃድ ግን ተከለከለ፣ ይህንንም ሳይከራከር ተቀበለ። አሁን አውቶቡስ ውስጥ ፊቱ ያበጠ ሰው ካየ፣ ከመውረጃው በፊት ወርዶ በእግሩ ይሄዳል።