የማይነካኩ ጀግኖች

አሶሳ ውስጥ የሱቅና የባጃጅ ጽሑፍ እየሣለ የሚኖር ጓደኛ ነበረኝ። ከአሶሳ ወጣ ብላ ያለችው የመንጌ ልጅ ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። እኔ ከመተከል የመጣሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። አብረን ኮሚክ እንሠራ ነበር፤ ታሪኩን እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይሥላል።

ከልዕለ ጀግኖቻችን ሁሉ የምንወደው ወንዝ የምታቆመውን ሴትና ከመሬት በታች የወርቅ ድምፅ የሚሰማውን ሰውዬ ነበር። ሲጨቃጨቁ ይውሉና አደጋ ሲመጣ ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ። ጓደኛዬ ጀርባቸው በሚገጥምበት ቦታ ሁለት መስመር አያሰምርም። አንዱ መስመር የእሷም የእሱም ነው።

«ቆዳቸው አንድ ነው» ይለኝ ነበር። «እሷ ብትቆስል እሱም ይደማል።»

ከዚያ ታናሽ ወንድሙን ከመኪና አውርደው መንገድ ላይ ገደሉት። ገዳዮቹ እስከ ዛሬ አልታወቁም፤ ወሬው ግን ወደ እኔ ወገን፣ ወደ መተከል ሰዎች፣ ይጠቁም ነበር። ለቅሶ ስደርስ አቅፎኝ አለቀሰ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

ከወራት በኋላ አዲስ ገጾች አመጣልኝ። አሣሣሉ እንደ ወትሮው ያምራል። ጀግኖቹ ግን እያንዳንዳቸው በወፍራም ጥቁር ቀለም ተከበው፣ ተራርቀው ቆመዋል። ማንም ማንንም አያይም።

«ለምን ለያየሃቸው?» አልኩት።

«እኔ አልለየሁም። እጄ እንቢ አለ።»

የሚታረቁበትን ትዕይንት ጽፌ ሰጠሁት። ፊቴ ቁጭ ብሎ ሞከረ። ሣለ፣ በላጲስ አጠፋ፣ እንደገና ሣለ። ወረቀቱ ሳስቶ ተቀደደ። እርሳሱን አስቀመጠና «አንተ ወንድሜ ነህ። ይሄን ውሸት ግን አልችልም» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ዕቃውን ሰብስቦ መንጌ ገባ።

ሌላ ሠዓሊ ፈልጌ ነበር። ጡንቻ አሳምሮ ይሥላል፤ ጀግኖቹ ግን አንድ ባጃጅ ላይ የተገናኙ መንገደኞች መሰሉ። ተውኩት።

ባለፈው ክረምት መንጌ ሄድኩ። ማሽላ ሲያርም አገኘሁት። እናቱ ገንፎ አቀረቡልን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አረሙ አወራን። ሌላ ነገር ላነሳ ስል ገብቶት ቀደመኝ።

«ስለ ሥዕል አትጠይቀኝ፣ በአላህ።»

እናቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩና ሳህኑን አንስተው ወጡ።

መኪና ድረስ ሸኘኝ። «አሶሳ መቼ ትመጣለህ?» አልኩት። «ኢንሻአላህ» አለ፣ ዓይኑን ከማሳው ሳያነሳ። እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለመጻፍ እቀመጣለሁ። ወንዝ የምታቆመዋ ሴት ለሰውየው የምትለው ቃል ግን ይጠፋኛል።