የሽፈራው ጭማቂና አጎቴ ሃመሶ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ፊቴን ቫዝሊን ቀብቼ ነበር ወደ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ የሄድኩት። አለቃዬ ዶክተር ሂሩት የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የሽፈራው ቅጠል ጥላ ላይ እንዳሰጣ ነበር። ማታ እናቴ ስትጠይቀኝ «ምርምር ላይ ዋልኩ» አልኳት። ጋውኔ ላይ የቅጠል ብናኝ ነበር።

ደረጃዬ ረዳት ቴክኒሽያን ነበር። ከሙከራ አይጦቹ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ምሳ በሰዓቱ የሚቀርበው ግን ለእነሱ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የደረቀው ቅጠል ይፈጫል። ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል። ይጠለላል። ከዚያ ሮታሪ የምንለው ማሽን ሜታኖሉን ያተነውና ዝፍት የመሰለ አረንጓዴ ነገር ይቀራል። እሱን በውሃ በጥብጠን፣ ጭማቂ ብለን ለአይጦቹ እንሰጣለን። ሜታኖሉ ሳይወጣ የሚጠጣ ሰው ዓይኑ ሊጠፋ፣ ሊሞትም ይችላል።

ለምን እንደምንለፋ ስጠይቅ ዶክተር ሂሩት «አንጎል እንደ ብረት ይዝጋል በል» አሉኝ። «በትክክል እንደዛ አይደለም፤ ለአንተ ግን ይበቃል። ቅጠሉ ውስጥ ዝገቱን የሚከላከሉ ነገሮች አሉ። አንጎልን ይጠብቁ እንደሆነ እናያለን።»

አየን። አይጦቹን የሚያስረሳ መድኃኒት ወግተን ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ለቀቅናቸው። ውሃው ሥር ቀደም ብለው የተማሩት መቆሚያ ተደብቋል። ጭማቂውን ያልወሰዱት አገር እንደማያውቅ እንግዳ ሲዞሩ ቆዩ። የወሰዱት ቀጥ ብለው ሄደው ወጡበት። እኔ አጨበጨብኩ። ዶክተር «መዝግብ» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ሃመሶ መርሳት ጀምረው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ የሚኖሩ ጡረተኛ አናጢና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ማዕድ ይባርካሉ፣ አሜን ይላሉ፣ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። አንድ ዓሣ አራት ጊዜ ተባርኮ ቀዝቅዞ በልተናል። እኔን በሟቹ አባቴ ስም ይጠሩኝ ጀመር። እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ዕድሜ ልካቸውን ከሚያውቁት መንገድ ጠፍተው ሰው ይዞ ሲያመጣቸው መሳቁ ቀረ።

ሚስታቸው እትዬ ወርቄ «አይጥ ያስታወሰበትን ለእኔ ሰው ብታመጣለት ምን ይጎድልባችኋል?» አሉኝ።

ዓርብ ዕለት ከላቦራቶሪው ፍሪጅ ጭማቂ ወስጄ በሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ሞላሁና በባጃጅ ቱላ ሄድኩ። «ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ» ብዬ እንደ ሐኪም አዘዝኩ።

ሰኞ ዶክተር ሂሩት ፍሪጁን ከፍተው «ይኼ ገና ሮታሪ ያልገባው ነው። ማን ቀነሰው?» አሉ።

የጠርሙሶቹን ስም በማርከር ነበር የጻፍኩት፤ ሜታኖል ደግሞ የማርከር ጽሑፍ ያጥባል። በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ ወጣቶች ልብ በሉ። ያለቀለትም ያላለቀለትም ጠርሙስ አረንጓዴ ነበሩና የተሳሳተውን አንስቻለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

አልተቆጡኝም። የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ። የእትዬ ወርቄ ስልክ ዝግ ነበር። እስከ ቱላ ድረስ የተናገሩት «በቀን ስንት ማንኪያ?» ብቻ ነው። «አንድ» አልኩ።

አጎቴ ደጅ፣ እንሰቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተር ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አዩ።

«አባባ፣ በደንብ ይታይዎታል?»

«አንቺስ ይታይሻል?» አሉ አጎቴ።

እትዬ ወርቄ ከቤት ወጡ። «እንደ ሕፃን አታጉርሺኝ፣ ራሴ እጠጣለሁ ብለው ጠርሙሱን ቀሙኝ። ጠጡ ወይ ስላቸው ጠጣሁ ይሉኛል» አሉ።

አጎቴ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝና ከፍራሹ ሥር ጠርሙሱን አወጡ። ሙሉ ነው።

«አረቄ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ሸተተኝ። ሰው እንዳያይብህ ደበቅሁልህ። ስጸልይልህ ሰነበትኩ። ተው ልጄ፣ መጠጥ ያበላሽሃል።»

ስሜን ረስተዋል። መጠጥ ወደ አፋቸው እንደማያስጠጉ ግን አልረሱም። አለቀስኩ። እሳቸው ንስሐ የገባሁ መሰላቸውና ደስ አላቸው።

ስንመለስ ዶክተር «የእሳቸው አፍንጫ ከአንተ ዓይን ይሻላል» አሉኝ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ሦስት ወር የአይጥ ቤት ብቻ አጠብኩ። አጎቴን ግን ራሳቸው ዶክተር ሂሩት መሃል ከተማ ወደ ነርቭ ሐኪም ወሰዷቸው። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን አስተካከለ፤ የጠፋው ትዝታ ግን እንደማይመለስ ሳይሸፋፍን ነገረን። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ከመጠጥ እንድላቀቅ ይጸልዩልኝ ነበር። እኔ አንድም ቀን ጠጥቼ አላውቅም። አሜን እል ነበር።

ዋና ቴክኒሽያን ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። አሁንም አንዷ ተማሪ መንገድ ላይ አስቁማ «ጋሼ፣ እናቴ መርሳት ጀምራለች፤ ሽፈራው ልስጣት?» ትለኛለች። ከወደደችው ቀቅለሽ አብያት፣ ሐኪም ጋ ግን ዛሬውኑ ውሰጃት እላለሁ። ቅጠሉ ወደፊት ለሰውም ይሠራ ይሆናል፤ አላውቅም። አይጥ ላይ የሠራ ነገር፣ የሠራው አይጥ ላይ ነው።