ሳይነጋ የሚወድቅ ፍተሻ

«ድገሚው» የሚለውን ቃል ዛሬም መስማት አልፈልግም። የልጄ አለቃ ነበር በስልክ የሚላት። ልጄ አዳማ ቤታችን ተቀምጣ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት በኮምፒውተር ትሠራለች። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ሥራዋ የማውቀው እሷ እየደጋገመች ያስረዳችኝን ብቻ ነው።

የሚሠሩት ነገር ላይብረሪ ይባላል፤ መጽሐፍ ግን የለበትም። ሌሎች ባለሙያዎች እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ወስደው በየፕሮግራማቸው ውስጥ የሚከቱት የተዘጋጀ ኮድ ነው። የእነሱ ላይብረሪ ቀንና ሰዓትን በእኛ አቆጣጠር ያሰላል። ሊወስዱት ከሚጠብቁት አንዱ ለእናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ቀጠሮ በስልክ የሚያስታውስ ፕሮግራም ነበር። ኮዱ ትክክል መሆኑን ማሽኑ በራሱ ይፈትሻል፤ ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ያሳያል።

አንዱ ፍተሻ ግን ማንም ሳይነካው አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። የልጄ የሙከራ ቅጥር ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። «ሁሉም አልፏል» ብላ በሰባት ቀን ውስጥ በስሟ አጽድቃ እንድትልክ ታዘዘች። ከላከች ቋሚ ትሆናለች።

«ቀይ ነው እኮ» አለችው አለቃዋን። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«ድገሚው፣ አረንጓዴ ይሆናል። እኛ ዓመቱን ሙሉ እየደገምን ነው የምናሳልፈው።»

«ለምን እንደሚወድቅ ማን አየው?»

«ፈታ በይ እህቴ። የናዝሬት ሙቀት ኮምፒውተርሽንም አፍዞት ይሆናል።» ሳቀ።

ከዓለም ጤና ከተማ በሚመጣ ሽንኩርት ውስጥ የበሰበሰ ካለ የጆንያው አፍ እንደተፈታ ይሸታል። መልሶ አስሮ እንደገና መፍታት ሽታውን አያጠፋውም። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ግን በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አስጠሉኝ።

ከእነሱ የባሰ ግን ያስጠላኝ የራሴ አፍ ነው። ሥራዋን ታጣለች ብዬ ስለፈራሁ፣ «እንደነሱ መድገሚያውን ንኪውና ይለፍ። ቋሚ ከሆንሽ በኋላ ታዪዋለሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እማ፣ አንቺ ነሽ ይሄን የምትዪው? የእኔን የክትባት ካርድ በላስቲክ ጠቅልለሽ እስከ ዛሬ ቁምሳጥን ውስጥ የቆለፍሽበት?»



ምክንያቱን መፈለግ ጀመረች። ኢንተርኔቱን ዘግታ ሞከረች፣ የፍተሻዎቹን ቅደም ተከተል ቀያየረች፣ ያንን ፍተሻ ለብቻው አስኬደችው። አለፈ። በማግስቱ ወደቀ። እኔ ወደ ገበያ ለመሄድ ስነሳ እሷም ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ ልሥራ ብላ አብራኝ ትነሳለች። በወደቀና ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን እየጠየቅኩ በአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ጻፍኩላት። ነገር ሲያስፈራኝ መጻፍ ልማዴ ነው።

በአምስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ቀዩ ሁሉ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት በፊት ነበር።

«ሳይነጋ ብቻ ነው የሚወድቀው» አልኳት።

«እማ፣ ኮድ ምን አገባው መንጋት አለመንጋቱ?»

«ቀን አስላ ተብሎ የለም እንዴ? ሽንኩርት ተራ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የተራገፈ ጭነት የትናንት ነው የሚባለው። የዛሬ የምንለው ከነጋ በኋላ የገባውን ነው። እናንተ ጋ ቀኑ መቼ ነው የሚቀየረው?»

ዳቦውን በአፏ እንደያዘች ማኘኳን ተወች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈተች።

ላይብረሪውን የጻፈው ባልደረባዋ እንዳደገበት ልማድ ቀኑ ጎህ ሲቀድ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲቀየር አድርጓል። ፍተሻውን የጻፈው ሌላው ደግሞ እንደ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲቀየር አድርጓል። በመካከል ባሉት ስድስት ሰዓታት ሁለቱ አይስማሙም። የቢሮው ሰዎች ሁለት ሰዓት ተኩል ሲገቡ ግን ቀኑ ለሁለቱም አንድ ሆኖ ይቆያቸዋል፤ ሌሊት ለወደቀው የመድገሚያውን ቁልፍ ይነካሉ፣ አረንጓዴ ይሆናል። የክትባቱ መልእክት የሚላከው ደግሞ ከንጋቱ በፊት፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቀጠሮዋ ረቡዕ የሆነ እናት ረቡዕ ማለዳ «ቀጠሮዎ ነገ ነው» የሚል ይደርሳታል። ልጇን አዝላ ሐሙስ ትሄዳለች። ክትባቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚሰጥበት ቦታ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ልጄ ሳይታረም አላጸድቅም ብላ ጻፈች። አለቃዋ ወዲያው ደወለ።

«ለአንድ ቀይ ይሄ ሁሉ? ፍተሻውን ከነጭራሹ አውጪውና ላኪ።»

«አላወጣውም።»

«ቀንሽ እየደረሰ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»



ላይብረሪውን ከፍተሻው ጋር አስማምታ ካረመችው በኋላ ሳይነጋም ሲነጋም አስኬደችው፤ ሦስት ቀን ሙሉ አረንጓዴ ነበር። ያኔ አጽድቃ ላከችው፤ ከተባለው ቀን ሁለት ቀን ዘግይቶ ወጣ። ከዚያ ደብዳቤ መጣላት፤ «ፍጥነት ስለሚጎድላት» የሙከራ ጊዜዋ በሦስት ወር ተራዝሟል ይላል። ስለ ስህተቱ አንድ መስመር የለበትም። ከታች የፈረመው ያው የሚስቀው ሰውዬ ነው።

ልጄ ፈርማ መለሰችና ወደ ሥራዋ ዞረች። እኔ ደብዳቤውን ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ከዚያ ሰዓቱን የጻፍኩበትን ካላንደር ከክትባት ካርዷ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት።