የጾመኛ ስብ በመቶኛ

ስለ ገላዬ ለሰው መናገር ልማዴ አይደለም፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሌላውም ነገር ብዙ አልናገርም። ነገር ግን ባለፈው ዐቢይ ጾም ሰሞን፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የሰውነቴ ስብ አምስት ጊዜ ተለክቶ አምስት ዓይነት ሆነ። ዕድሜዬን የብራና ቅጂዎችን ሳስተያይ ለኖርሁት ለእኔ ይህ በዝምታ የሚታለፍ አልሆነም።

ነገሩ የተጀመረው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። ሐኪሜ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ትሑት ወጣት፣ ጉበቴ ስብ እንደያዘ ነግሮኝ በባዶ እግሬ አንድ የመስታወት ሚዛን ላይ አቆመኝ። ሚዛኑ በእግር በኩል የማይሰማ ኤሌክትሪክ እየላከ ስቡን ከሌላው ይለያል ተባለ። ሃያ ስምንት በመቶ አለ። በወር ውስጥ ካልቀነሰ፣ ጠዋት ጠዋት ከምግብ ጋር የሚዋጥ ክኒን እንደሚያዝልኝ ገለጸልኝ። ያስደነገጠኝ ክኒኑ ሳይሆን ምግቡ ነው። ሁዳዴን ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ጾሜአለሁ፤ በስተርጅና የነፍስ አባቴ ፊት ቆሜ ቁርስ ልለምን አልፈለግሁም።

ስለዚህ ጾምሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም የለም፤ ከዚያ በኋላ ሽሮና ጎመን፣ እሱም በልክ። በወሩ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሠላሳ አንድ አለ።

ሐኪሙ ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ «አባቴ፣ እውነት እየጾሙ ነው?» አለኝ።

በሕይወቴ በብዙ ነገር ተጠርጥሬአለሁ፤ ቅቤ ተደብቆ በመብላት ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ፣ ያኔ ይወሰናል ተብዬ ተሸኘሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስፖርት የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ሄድሁ። የክንዴን፣ የሆዴንና የጀርባዬን ቆዳ በመቆንጠጫ ይዞ ሃያ ሦስት አለኝ። ወዲያው አንገቴንና ወገቤን በሜትር ለክቶ ሃያ ሰባት አለኝ። የትኛው እውነት እንደሆነ ጠየቅሁት። ሁሉም ግምት ነው፤ ስሌቱም የተቀመረው ከሌላ አገር ሰዎች ገላ ነው፤ ትክክለኛው የሚታወቀው አስከሬን ተከፍቶ ሲመዘን ብቻ ነው አለኝ። ለዚያኛው እንደማልቸኩል ነገርሁት። ቅጂዎች ሲለያዩ ወደ ጥንታዊው እንመለሳለን፤ እዚህ ግን ጥንታዊው እኔው ነበርሁ፣ የሚያነብበኝም ጠፋ።

ሚዛኑ ላይ የወጣሁበትን ሰዓት ሲሰማ ሳቁን ያዘ። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሰውነት ውኃ በኩል ነው፤ የደረቀ ገላ ያግደዋል፤ ማሽኑ ደግሞ ያገደውን ሁሉ ስብ ይለዋል።

«መምህር፣ ስብ ብሎ የመዘገበው ጥማትዎን ነው።»

በዚህ ሒሳብ ከሁላችን የሚወፍሩት ባሕታውያን ናቸው። እኔም መጾሜን ለማስመስከር ጾሜን ልፈታ ነው።

በዚያው ሰሞን የሚስቴ ወንድም፣ የጉና ተራራ በግ አርቢ፣ ሊጠይቀን መጥቶ ይህን ሁሉ ሰማ። ተነሥቶ፣ የገበያ በግ እንደሚዳበስ፣ ወገቤን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«አንቱ እኮ አልቀዋል» አለኝ። «ገበያ ብናወጣዎት ዋጋ የሚጠይቅ እንኳ የለም።»

ቁጥር ያልሰጠኝ እሱ ብቻ ነበር። ደስ ስላለኝም አላመንሁትም።

መውጫው ቅዳሜ ሆነ። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ መቆየት የለም፤ ከቅዳሴ በኋላ የጾም ምግብ ይበላል። ቀጠሮዬን ወደ ቅዳሜ አዛወርሁ፤ አስቀድሼ፣ ቅንጬ በልቼ፣ ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጥቼ ሚዛኑ ላይ ቆምሁ። ሃያ ስድስት።

«ጾሙ ሠርቶልዎታል» አለ ሐኪሙ።

ዝም ብል ያልፍ ነበር፤ ዝምታ ደግሞ አያቅተኝም። ሆኖም በሦስት ብርጭቆ ውኃ የተገኘ ምስክርነት አላስቻለኝም። ስለ ሰዓቱም፣ ስለ ጥማቱም፣ ስለ ቅዳሜውም ሁሉን ነገርሁት። ብዕሩን አስቀመጠ። ቀጥሎ ቀበቶዬን ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደማስር ጠየቀኝ። ኮቴን ገልጬ አሳየሁት፤ የቀበቶው ቆዳ ላይ የድሮው ማሰሪያ ምልክት ከአሁኑ ሁለት ቀዳዳ ያህል ወዲያ ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ አየው፣ በጣቱም ነካው።

ክኒኑ ፋሲካ እስኪያልፍ ይቆይ፣ ከዚያ ደምዎን እናያለን አለኝ። ባሕር ተሻግሮ የመጣው መሣሪያ እያለ የተፈረደልኝ በዚሁ በአገራችን አንበሳሜ ገበያ በገዛሁት ቀበቶ ነው። ካርዴ ላይ ግን ሃያ ስድስት ብሎ ጻፈ፤ ስለ ቀበቶ የሚሞላ ቦታ ቅጹ አልነበረውም።