ስለ ዳማ እናገራለሁ ያለው ተዋናይ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ናሆም ምሳ ሊበላ ባሌ ሮቤ እኔ ቤት መጥቶ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ብቻውን ይስቃል። ናሆም ያደገው አዳማ ነው፤ እዚህ ያመጣው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ሳህኑን እያነሳሁ ምን እንደሚያስቀው ብጠይቀው ስልኩን ወደ እኔ አዞረልኝ። አሜሪካኖች ሊተኙ ሲሉ ከሚያዩዋቸው የሌሊት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ጠረጴዛው አለ፤ የከተማ መብራት የተሳለበት መጋረጃ አለ፤ ሱፍ የለበሰ አዘጋጅ አለ። ሶፋው ላይ ፀጉሩን ሽበት የጀመረው አንድ ተዋናይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ከሃያ ዓመት በፊት ለሠራው የዘንዶ ፊልም ዘንድሮ ተከታይ ክፍል ስለወጣለት፣ የድሮውን እንዲያወራ እየተጠየቀ ነው። እሱም አፍሪካ ተራራ ላይ አንድ ሽማግሌ እንዴት እንደጮኸበት በድምፅ እያስመሰለ ያወራል። አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ናሆምም አብሮ ይንፈራፈራል።

"ይኼ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አልኩት።

ከየት ያውቃል? ሐጂ ቃሲም ሲሞቱ እሱ ገና አፉን በቅጡ አልፈታም ነበር።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅልኝ፤ እኔ የዘንዶ ፊልም ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ጎባ ውስጥ ከገበያው ወረድ ብሎ በነበረው ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከወንዶች መሀል ተጨናንቄ ያላየሁት ጠንቋይ፣ ያላለቀስኩለት ንጉሥ አልነበረም። አሁን እንኳ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ እንዲህ ያለ ፊልም ወጣ ከተባለ አያመልጠኝም። ለዚህም ነው የሚያናድደኝ። ያን ተከታይ ክፍል አይቼዋለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፤ ዘንዶው መጣ ይባላል እንጂ አይታይም። የቴሌቪዥኔን ብርሃን እስከ ጥግ ብጨምር ያየሁት የራሴን ፊት ነው። ጀግናው ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ይቀልዳል። ያ ሁሉ ሠራዊት ተራራ ሲሻገር አንድ ሰው አይርበውም፤ የአንድ ሰው ጫማ አይረጥብም። ፈረሶቹ ኮምፒውተር የወለዳቸው ስለሆኑ አይተነፍሱም፤ በውርጭ አገር ፈረስ ሲጋልብ ከአፍንጫው እንፋሎት እንደሚወጣ ያላየ ሰው ነው የሠራቸው። ይባስ ብሎ መጨረሻ የለውም፤ ሦስተኛውን ጠብቁ ይላል። መጨረሻ የሌለው ተረት ተረት አይደለም፤ ቀጠሮ ነው።

የመጀመሪያው ግን እውነተኛ ፈረስ ነበረው። የማውቀው እዚያው ስለነበርኩ ነው።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ሳላገኝ ጎባ አባቴ ቤት የተቀመጥኩ ወጣት ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ተወልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ተጣልቼ በኦሮምኛ ታርቄ ያደግኩ ነኝ። በሮቤ ሜዳ ስንዴው ቢጫ መሆን ሲጀምር የጭነት መኪኖች ተከታትለው ጎባን አቋርጠው ወደ ሳነቴ አምባ ወጡ፤ ፈረንጆቹ ፊልም ሊያነሱ ነው ተባለ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ የሚችል አስተርጓሚ ሲያፈላልጉ ወደ አባቴ ተላኩ፤ አባቴም እኔን ላከኝ። ምን ፊልም እንደሆነ ስጠይቅ የዘንዶ ነው አሉኝ። ደስታዬን ለመሸፈን ወደ ጓሮ መሄድ ነበረብኝ።

ደስታዬ የተበረዘው ታሪኩን ስሰማ ነው። ልዑሉ ዘንዶው ዘንድ ለመድረስ የሙታንን አገር ማቋረጥ አለበት። የሙታን አገር የተባለው ሳነቴ ነው። ከብት የሚግጥበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድንበት፣ ከሪራ መንደር ማር የጫነ ሰው ወደ ጎባ የሚያልፍበት ሜዳ ለእነሱ ሰው የሞተበት ምድር ነው። የአካባቢው ፈረሰኞች የሙታን ሠራዊት ሆነው ተቀጠሩ፤ ፊታቸውን የአጥንት ጭንብል ሸፈነው። አንዳቸው ለምን ፊታችን አይታይም ብሎ አስጠየቀኝ። የዳይሬክተሩ ረዳት ሙታን ስለሆናችሁ ነው አለ። ተረጎምኩ። ሰውየው አልሐምዱሊላህ ገና በሕይወት ነኝ ብሎ ጭንብሉን አጠለቀ። ያኔ ሳቅን።

የፈረሰኞቹ ታላቅ ሐጂ ቃሲም ነበሩ። ከጎባ በላይ ካለ መንደር የመጡ፣ ጢማቸው የነጣ፣ በእግር ሲሄዱ የሚያነክሱ፣ ፈረስ ላይ ሲወጡ ግን እርጅናው የሚለቃቸው ሰው ናቸው። ፈረሳቸው ባዝራ ነበረች፤ ቀላ ያለ ቡኒ በመሆኗ ስሟ ዳማ ነው። ፈረንጆቹ ከሩቅ ያስመጧቸው ፈረሶች ከፍታው አልስማማቸው ብሎ በሁለተኛው ቀን ሲያለከልኩ ዋሉ። ስለዚህ ልዑሉን የሚሠራውን ያን ተዋናይ ዳማ ላይ አስቀመጡት። ሐጂ በመጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ልጁ ግን ትሑት መሰለ። ጠዋት ጠዋት ጅብራው ላይ ውርጩ ሳይቀልጥ መጥቶ አንገቷን ያሻታል። ምሳ ሰዓት ላይ በፕላስቲክ የታሸገ ዳቦውን ትቶ ሐጂ ከቤት ያመጡትን ጭኮ፣ ያንን በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ከእጃቸው ተቀብሎ ጣቱን እየላሰ ይበላ ነበር። ይህን የምለው በኋላ ያደረገውን ያደረገው ሳያውቀን እንዳልነበር እንዲታወቅ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቱሉ ዲምቱ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ዳይሬክተሩ ያንን ጥቁር ሰማይ ሳያመልጠው ሊቀርጽ ቸኮለ፤ ልዑሉ በኩሬው ዳር በኩል ሜዳውን ሰንጥቆ እንዲጋልብ አዘዘ። ሐጂ ጠሩኝ። ያ አረንጓዴ የሚመስለው ቦታ ሣር ሳይሆን ረግረግ ነው፣ ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ስለወጣ አልጠጠረም፣ በላይ በኩል ይዙር ብለሽ ንገሪያቸው አሉኝ። ለረዳቱ ነገርኩት። ቦታውን በበጋ መጥተን አይተነዋል፣ ደረቅ ነው አለኝ። ደግሜ ነገርኩት። የአንቺ ሥራ መተርጎም ነው እንጂ ፊልም መምራት አይደለም አለኝ። ይህን ለሐጂ ስተረጉም አፌ ውስጥ መረረኝ።

ጋለበ። ትንሽ እንደሄደ ዳማ በአንድ ጊዜ አጠረች። ከሩቅ የተቀመጠች ነበር የምትመስለው። ጭቃው እስከ ሆዷ ወስዷት ነበር፤ ተዋናዩ በአንድ በኩል ተንሸራቶ እስከ ወገቡ ገባ። ሐጂ ቡሉኳቸውን ጥለው እያነከሱ ሮጡ፤ በኦሮምኛ ይጮኹ ነበር። ያሉትን አንድም ሳላጎድል አስታውሳለሁ። "አትንቀሳቀስ! ጋማዋን ያዝ! እሷን እመናት!" እኔም እየሮጥኩ በእንግሊዝኛ ጮህኩለት። ሰምቶ ይሁን ደንግጦ፣ ጋማዋን ጨብጦ ቀጥ አለ። ዳማም ቀጥ አለች። ፈረስ ሲሰምጥ ይራገጣል፤ በተራገጠ ቁጥርም አጠገቡ ያለውን ሰው ይዞ ይወርዳል። እሷ ግን ጆሮዋን ወደ ሐጂ ድምፅ አዙራ፣ ሆዷ ጭቃ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ቆመች። ሐጂ የኮርቻ ጨርቆችን እያነጠፉ በሆዳቸው ተስበው ደረሱና ልጁን በብብቱ ይዘው አወጡት።

ቀጥሎ እሷን በገመድ ጎተትናት፤ ጭንብል ያደረጉትም ያላደረጉትም፣ ፈረንጁም የእኛም ሰው። ወጣች። ግን የፊት እግሯ ተሰብሮ ነበር። ሐጂ ዳሰሱት፤ ሌላ ሰው እንዲያየው እንኳ አልጠየቁም። ራቅ በሉ፣ ልገላግላት አሉን። ዞር ስንል የካሜራው ሰው ካሜራውን ወደ እሳቸው ሲያነጣጥር አየሁት። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ መዳፌን የካሜራው መስታወት ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ገፋኝ። ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ሁሉም እስኪያልቅ እንደዚያው ቆየሁ።

በፈረንጆቹ ድንኳን ውስጥ ተዋናዩ የሐጂን ቡሉኮ ተከናንቦ ሻይ ይጠጣል። ሐጂ ገብተው አጠገቡ ሲቀመጡ እጃቸውን ይዞ አለቀሰ። በሕይወቴ ሙሉ አልረሳዎትም፣ ለሰው ሁሉ ስለ እርስዎ እናገራለሁ በይልኝ አለ። ሐጂም፣ "ስለ እኔ ይቅር። የሚናገር ከሆነ ስለ ዳማ ይናገር። እሷ ባትቆምለት እኔ አልደርስም ነበር" አሉ። ተረጎምኩ። ልጁ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ስለ ዳማ እናገራለሁ አለ። የፈረሷን ዋጋ ኩባንያው ከፍሏል፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለንም። እኔን በማግሥቱ አትምጪ አሉኝ፤ በዚያም ቅሬታ የለኝም።

ዓመት ሊሞላው ሲል ፊልሙ ወጣ። ተዋናዩ ስለ ፊልሙ ሊያወራ በሌሊት ፕሮግራም እንደሚቀርብ ከኩባንያው ጋር ይሠራ የነበረ የአዲስ አበባ ሰው ደውሎ ነገረን። ሮቤ ዲሽ ያለው አንድ ሆቴል ነበር። የእነሱ ሌሊት እኛ ዘንድ ረፋድ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ፈረሰኞቹ፣ ከጎሮ ለገበያ የመጡ ዘመዶቻቸው፣ ባለሱቆች፣ አዳራሹን ሞላነው። ሐጂ ነጭ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪኝ አሉኝ።

ወሬው የተጀመረው ማንም ከማይኖርበት ተራራ ነው። ከዚያ አህያ የሚያክል ሞኝ ፈረስ መጣ፤ ፈረሱ ጭቃ አይቶ ዘሎ ገባበት። ከዚያ አንድ ያበደ ሽማግሌ እየጮኸ መጣ። ተዋናዩ ጩኸቱን ሊያሳይ ተነስቶ እያነከሰ በሶፋው ዙሪያ ሮጠ፤ ከአፉ የሚወጣው ቃል አልነበረም፤ ውሻ ሲያላዝን ዶሮ ሲያሽካካ ዓይነት ነገር ነው። አዘጋጁ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል፤ እሱም ተነስቶ አብሮ ያሽካካል። በመጨረሻ ልዑላችን በራሱ ጉልበት ተፍጨርጭሮ ወጣ፤ ጭብጨባ።

"ማል ጄዴ?" አሉ ሐጂ። ምን አለ? "በምን ቋንቋ ነው የሚጮኸው?"

"በእኛ መሆኑ ነው፣ ሐጂ።"

ሐጂ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ "ስለ ዳማስ?" አሉኝ። ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እኔ እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አንዱ ፈረሰኛ መራገም ጀመረ። ሐጂ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ድምፁን እንዲዘጉት የሆቴሉን ባለቤት ጠየቁና፣ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

"እንግዲህ እኔ እነግራችኋለሁ" አሉ።

ጀመሩ። እናቷ የማን ባዝራ እንደነበረች፣ ዳማ በምን ዓይነት ዝናብ እንደተወለደች፣ ሚስታቸው በምጥ ስትያዝ ጎባ ሆስፒታል ያደረሰቻት እሷ እንደሆነች፣ ጅብ እንዴት እንደምታሸት፣ ጨው ከማን እጅ እንደምትልስ፣ ከማን እጅ እንደማትነካ። ጭቃው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተሰበረ። ከኋላቸው ያ አዘጋጅ ድምፅ አጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። የቀትሩ የዙሁር አዛን እስኪሰማ ድረስ ከመቀመጫው የተነሳ ሰው አልነበረም። ሐጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ ያን ቀን የነበሩ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ዳማ ያነሳሉ።

እኔ እንደ ሐጂ ትልቅ ሰው አይደለሁም፤ ንዴቴ አልበረደልኝም። ዘንዶ እሳት ቢተፋ አምናለሁ፤ ውሸት መሆኑን ከመግቢያው ነግሮኛል። ያ ሶፋ ግን እውነት ነኝ ብሎ ነው የሚዋሸው። ተዋናዩ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንኑ ወሬ ይዞ ይዞራል፤ ዘንድሮ ደግሞ ለሽማግሌው ዱላ ጨምሮለታል። ያ አዘጋጅ መጠየቅ ሥራው ነው፤ ለዚያ ነው ጠረጴዛ የተሰጠው። ሽማግሌው ምን እያለ ነበር የሚጮኸው ብሎ ለመጠየቅ ግን አልደከመም።

ይህን ሁሉ ለናሆም ስነግረው ስልኩን አጥፍቶ ያዳምጥ ነበር። ስጨርስ አልተጸጸተም፣ ይቅርታም አላለኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"አክስቴ፣ ሐጂ የጮኹት በኦሮምኛ እንዴት ነው የሚባለው?"

ነገርኩት። ሲለው አጣመመው፤ አረምኩት፤ እንደገና አለው፤ ተስተካከለ። ከዚያ በላይ ጊዜ አልፈጀም። የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። እውነቱ ሩቅ ቢሆን፣ ከባድ ቢሆን ኖሮ ይቅር እላቸው ነበር።