መብራት የሌለው አምፕሊፋየር

አምፕሊፋየሩ ሲሞቅ የጋለ አቧራ ይሸታል። ሽታው ሳሎኑን ሲሞላው ወንድሜ አፍንጫውን ይዞ፣ «ኧረ ይሄን ብረት አውጥተሽ ጣዪው፤ ስልክሽ ላይ ሁሉም አለ» ይለኛል። አልጥልም። ለምን እንደማልጥል ለሱ መንገር ሰልችቶኛል፤ ላንተ ልንገርህ።

አባቴ እዚሁ ጎንደር የዜማ መምህር ነበር። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጣም፤ በመቋሚያው መሬቱን አንድ ጊዜ ኳ ያደርጋል፣ ተማሪው ከመጀመሪያው ይመልሳል። እኔ ነርስ ሆኜ ሆስፒታል በገባሁ በዓመቱ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ተዘጋ። ከሹክሹክታ በላይ አልወጣው አለ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ድሮ አንድ ተማሪው ማኅሌት ላይ የቀዳውን ካሴት በትንሿ ቴፓችን ብንከፍትለት ፊቱን አዞረ። «ይሄ እኔ አይደለሁም» አለ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ግን ተናደድኩ። ጥፋቱ የቴፗ ነው፤ ራስህን ሳላሰማህ አልቀርም አልኩ።

ስፒከሮችና የካሴት ማጫወቻ ከተማውን ከሚለቅ አንድ መምህር ገዛሁ። የቀረኝ አምፕሊፋየር ነበር። ካሴቱን በቦርሳዬ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። ባለሱቁ ሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭበትን አቀረበልኝ።

«ይሄ ሰፈር ያናውጣል» አለኝ።

«ሰፈር የማናውጥበት ጉዳይ የለኝም። በዚህ ካሴት ሞክርልኝ።»

ከበሮው ደረቴን መታኝ፤ ጸናጽሉ ግን የቆርቆሮ ድምፅ ሆነ፣ የአባቴም ድምፅ ከከበሮው ሥር ተቀበረ። «ሌላ» አልኩ። ሌላ አመጣ። «ሌላ።» ሱቁ ውስጥ የነበሩት መሳቅ ጀመሩ። «ምነው እህቴ፣ ማኅሌት ለመስማት ይሄ ሁሉ ምርጫ?» አለ አንዱ። እንዲያውም ለማኅሌት ነው ምርጫ የሚያስፈልገው ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከመደርደሪያው ግርጌ አቧራ የጠጣ፣ መብራት የሌለው፣ ሁለት ማዞሪያ ብቻ ያለው ከባድ ዕቃ አየሁ። ባለሱቁ «እሱን እንኳ ማንም አይፈልገው» አለ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲከፍተው ጠየቅኩት። አባቴ ዜማውን ከማንሣቱ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ልጅ ሆኜ ግቢያችን ውስጥ ሲያስተምር አጠገቡ ተቀምጬ የማውቀው ትንፋሽ ነው። «ይኸን ጠቅልልልኝ» አልኩ።

ቤት ወስጄ ገጣጠምኩና ከፈትኩለት። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀምጧል። ትንፋሹ ተሰማ፣ ቀጥሎ ድምፁ። አልዞረም። ተስፋ ቆርጬ ላጠፋው ስነሣ መቋሚያው ወለሉን ኳ አደረገው።

«መልሺው» አለ በሹክሹክታ። «እዚያ ጋ ተሳስቻለሁ።»

ከመጀመሪያው መለስኩት። እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ኳ። በዚያ ካሴት ስንት ተማሪ አጥንቷል፤ ስሕተቷን ግን አንድም ሰው አላገኛትም ነበር። አባቴ ዞሮ አየኝ። «እኔ ነኝ» አለ። «ሸጋ ዕቃ ነው የመረጥሽው።»

አሁን እሱ የለም። መቋሚያው አምፕሊፋየሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ካሴቱ ያቺ ቦታ ሲደርስ ወለሉን የሚመታ የለም፤ እኔ ግን ተነሥቼ ከመጀመሪያው እመልሰዋለሁ። ወንድሜም ሽታው ከከበደው መስኮቱን ይክፈት።